የኮምፒውተሩ ልብስ

ዛሬ ወሎ ሰፈር እናቴ ቤት ዕቃ ስናስተካክል የድሮው ኮምፒውተራችን ጥልፍ ልብስ እጄ ገባ። አሁንም የጋለ አቧራ ይሸታል።

አሥር ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተሩ በበራ በሩብ ሰዓቱ ድርግም እያለ አስቸገረ። የመመረቂያ ጽሑፏ ውስጡ ስለነበር እኅቴ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ በድብቅ የጫንኩት ጌም የገደለው መስሎኛል።

ኤርፖርት የአውሮፕላን ጥገና የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ተጠርተው መጡ። ኮምፒውተሩን ዳስሰው መጋሉን አዩና፣ እናቴ ከአቧራ እንዲጠብቀው ሰፍታ ያለበሰችውን፣ ሲበራም የማታወልቅለትን ልብስ ገፈፉት።

«እትዬ አልማዝ፣ ይተንፍስ እንጂ!» አሏት።

ከዚያ በኋላ እኅቴ እስኪመሽ ጻፈች፤ አንዴም አልጠፋባትም። ጌሙን ማንም አላነሣም። እኔ ግን እውነት ይተነፍስ እንደሆነ ለመስማት ጆሮዬን ከጀርባው አስጠጋሁ። ሞቅ ያለ ነፋስ ጉንጬን ሲነካኝ አብሬው እፎይ አልኩ።

አሁን ልብሱን ገለበጥኩት። ከኋላው መዳፍ የሚያህል መስኮት ተከፍቶለት ጠርዙ በቀይ ክር ተዘምዝሟል።

«እማዬ፣ ይጣል?»

«ምን በወጣው!» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፔን ገርመም አድርጋ። «ይልቅ ያንተው ራቁቱን ከሚዞር ልኩን ንገረኝ።»