ባዶው አይሱዙ

ትናንት ሶዶ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ አይሱዙ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ከሥሩ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲጢጥ አለ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጋቢና አስቀምጦኝ ሲሚንቶ ቦምቤ ከተማ አደረስን። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ አፍ ረጃጅም መኪና እንዳያልፍ ከላይ ብረት ተጋድሟል። ስንሄድ በሥሩ ለጥቂት አለፍን። ስንመለስ ግን ያው ብረት የጭነት ሳጥናችንን የኋላ ግድግዳ፣ ስፖንዳውን፣ መታው። ግንባሬ ከዳሽቦርዱ ተላተመ።

እሁድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ቤታችን መጥተው አባቴ ፊት እኔን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስትሄዱ ጭነት ነበራችሁ?»

«አዎ፣ ሞልተን አለፍን።»

«የተጋጫችሁት ባዶውን ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጠጥቶ ነው» አሉ። አባቴ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

«መኪና ሲራገፍ…» ብሎ አባቴ ጀመረና ተወው። ከጌታ እራት ታገደ። እኔም ምን እንዳጠፋሁ ሳይገባኝ አለቀስኩ።

ትናንት ሾፌሩን ባሌስትራው ለምን እንደሚጮህ ጠየቅኩት።

«ጭነቱ ሲወርድለት መኪናው ከፍ ይላላ!» ብሎ በስንዝሩ ለካልኝ።

አባቴ ይህን አያጣውም። ታዲያ ለምን አልጨረሰውም? ሲያቋርጥ ዓይኑ እኔ ላይ፣ ያበጠው ግንባሬ ላይ ነበር።