የእማዋይሽ ክንድ

የሰቆጣው አናጢ ወልደ ጻድቅ ሜትር የሚሉትን ነገር «ወዲያ በሉልኝ» ባይ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን በራሱ ክንድ ለክቶ ኖሯል። የክሊኒኩ አሮጌ ላንድሮቨር የወንበሩ ክንድ መደገፊያ ተገንጥሎ ሲመጣለት ግን የራሱን ትቶ በሚስቱ በእማዋይሽ ክንድ ለካ። እማዋይሽ ታማለች፤ ሐሙስ ደሴ ሆስፒታል የምትወሰደው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ወይራውን ጠርቦ፣ የፍየል ቆዳ አልብሶ፣ ማክሰኞ ጨረሰ። ረቡዕ ረፋዱ ላይ እማዋይሽ አረፈች፤ በዚያው ዕለት ተቀበረች።

ሐሙስ ጧት ከለቅሶው ተነሥቶ ወደ ክሊኒኩ ሄደና መደገፊያውን ከላንድሮቨሩ ወንበር ጋር በብሎን አሰረው። ሹፌሩ በለጠ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክንዱን አሳረፈበት።

«አጠረሳ፣ አያ ወልደ ጻድቅ። ሌላ ቢሠሩለት አይሻልም?»

ወልደ ጻድቅ ቆዳውን በመዳፉ ዳበሰና፣ «ለእሷ ልኳ ነው» አለ።