የማንጎ አበባ በወተት ጣሳ

ባለባጃጁ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝና «ከጫኖ ነው፣ ከአጎትሽ» አለኝ። ገና ሳልፈታው ሽታው ወደ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ ከተማ፣ ከምንኖርበት ሲቀላ፣ ለእረፍት ጫኖ አጎቴ ቤት ሄጄ ነበር። እንግዳ ሊመጣ ስለሆነ ሚስቱ «ከጓሮ አበባ ልቀሚና ጠረጴዛውን አሳምሪልኝ» አለችኝ። እኔ ማንጎ የማውቀው ገበያ ላይ ተከምሮ ነው፤ ከአበባ እንደሚጀምር ማን ነግሮኝ። አንድ ትንሽ ዛፍ ቢጫና ሮዝ ለብሶ ማር ማር ይሸታል። እጄ የደረሰበትን ሁሉ ቀነጠስኩ። ጣቶቼ እየተጣበቁ በዱቄት ወተት ጣሳ ደረደርኩት፤ ረጃጅሙን መሃል፣ አጫጭሩን ዳር።

የአጎቴ ሚስት ስታየው እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አጎቴ ያንን ዛፍ ራሱ ተክሎ፣ ውሃ እያጠጣ ስንት ዓመት ጠብቆት፣ ገና መጀመሪያ ማበቡ ነበር። እሱ ግን ጣሳውን አንስቶ አሸተተና መልሶ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠው።

«ተያት» አላት። «የዘንድሮውን ማንጎ በዓይናችን እንበላዋለን።»

በዓይን እንዴት እንደሚበላ ስላልገባኝ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ አበባው ላይ አፍጥጬ ጣዕሙን ጠበቅኩ። ነገሩ የገባኝ ማንጎ ሲደርስ ተመልሼ ስሄድ ነው። የጎረቤት ዛፎች ፍሬ ከብዷቸው ሲጎነበሱ የእኛው ባዶውን ቆሞ ነበር።

ጥቅሉን ፈታሁት። ውስጡ አንዲት ያበበች የማንጎ ቅርንጫፍ ብቻ ነበረች።

«ራሳቸው ናቸው የቆረጧት» አለኝ ባለባጃጁ ሞተሩን እያስነሳ። «ዘንድሮስ ቀድሜሻለሁ በላት ብለውኛል።»