የአክስቴ ባል ጥሩምባ

ልጅ እያለሁ በአገራችን በቀየት ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነበር። ሌላ ትርጉም አልነበረውም። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድምፁ ይሮጣል።

ጋሼ ደምሰው ይህን ረስቶት ኖሯል። ከአገር የወጣው ጢሙ ሳይበቅል ነው፤ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሙዚቀኛ ባለበት ኦርኬስትራ ውስጥ ቢራቢሮ ክራባት አስሮ ጃዝ ሲነፋ ጎለመሰ። ሰዓት እላፊ ታውጆ ጭፈራ ቤቶቹ ሲዘጉ ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰና አክስቴን ጥሩወርቅን ወደደ። እሷማ ብሶባት ነበር።

ሽማግሌዎች ሊለምኑ ሲመጡ አያቴ ሙያውን ጠየቁ። "ጥሩምባ ይነፋል" አሏቸው።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ልጄን ለመርዶ ነጋሪ? ሰው ካልሞተ ምን ሊያበላት ነው?" ብለው አሰናበቷቸው። አክስቴ ጓዳ ገብታ እህል አልቀምስም አለች።

ጋሼ ደምሰው ግን "ጃዝ ሰምተው ስለማያውቁ ነው" አለ አሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ አንድ የጭፈራ ዜማ ለቀቀው። እኔ መጨፈር ጀመርኩ፤ አገሩ ግን እያለቀሰ መጣ። ድምፁ ከአያቴ ደጅ ነውና የሞቱት እሳቸው ናቸው ተባለ። አልቃሿ እማማ የሺ ገና አጥሩ ጋ ሳይደርሱ "እጀ ሰፊው! ድሃ ሰብሳቢው!" እያሉ ሙሾ አወረዱ። አያቴ ጠላ በሲኒ የሚያቀርቡ ቆንቋና ነበሩ።

ገብስ ሲያሰጡ ቆይተው ከጓሮ ብቅ ሲሉ ለቅሶው ቀጥ አለ። ጋሼ ደምሰው አለቀለት ስንል፣ ወደ እማማ የሺ ዞረው "ለምን አቆምሽ? ጨርሺው እንጂ!" አሏቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ጋሼ ደምሰውን ጠሩት።

"በቁሜ ይህን ያህል ሰው ከሰበሰብክልኝ፣ ስሞትማ ምን ልታደርግ ነው! ውሰዳት። ለቀብሬ ግን አንተው ትነፋለህ።"

ከዓመታት በኋላ ነፋላቸው፤ ያንኑ የጭፈራ ዜማ፣ ቀስ አድርጎ።

ዛሬ ቀየትም መርዶ በስልክ ይነገራል። ነጠላ ማዘቅዘቁ አለ፤ ያ ሩጫ ግን ቀርቷል፣ እሱ ይናፍቀኛል። ባለፈው ዓመት የጋሼ ደምሰውን ማረፍ የሰማሁትም በስልክ ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ አክስቴን ጥሩምባ ተነፍቶለት እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ማን ይንፋ?" አለችኝ። "ነፊው እሱ አልነበር?"