ጭራዋ የተቆረጠባት ባዝራ

በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለችው መንደራችን፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ምሽት የሚገባው በጭስ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ ዝንቡና ትንኙ ከረግረጉ ተነሥቶ ከብቱን መቆሚያ ያሳጣዋል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ዳማ በምንላት ባዝራችን ላይ ነበር። ትንኙ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል፣ ዝንቡ ዓይኗ ጥግ ላይ ይሰፍራል፣ ትልቁ ተናካሽ ዝንብ ደግሞ ሆዷ ሥር ተለጥፎ ደሟን ይመጥጣል። ስለዚህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአባቴ አጎት አያ ቢራራ በጋጣው ደጃፍ ደረቅ ኩበት ያቀጣጥሉና፣ ፍሙ ሲግል እርጥብ የጥንጁት ቅጠል ይጭኑበታል። ዳማም ነገሩ ገብቷት በራሷ ትመጣና ጭሱ ውስጥ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች።

አያ ቢራራ አንድ ዓይናቸው አያይም። «ልጅ ሆኜ ዝንብ የበላው ነው» ይሉ ነበር። ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው እኛ ቤት ተጠግተው፣ ባዝራይቱን እየጠበቁ ነበር የሚኖሩት። ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ ኮርቻ የላጠው ጀርባዋ ላይ አመድ እየነሰነሱ፣ ቀስ ብለው ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ ልብሴ ኩበት ኩበት እየሸተተ፣ እናቴ ኩራዝ ይዛ መጥታ እስክትጎትተኝ ድረስ አልነሣም።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱን ደጋግሜ አስነግራቸው ነበር። የአንድ ንጉሥ ልጅ ታመመ አሉ። ጠበል ቢያስረጩት፣ መድኃኒት ቢያጠጡት አልነቃ አለ። በመጨረሻ አንድ መንገደኛ መጣና «ልጅህን የሚገድለው በሽታው አይደለም፣ ፊቱ ላይ የሚሰፍረው ዝንብ ነው» አለው። ከፈረሱ ጭራ ቆረጠ፣ ሦስት ቀን ሳያርፍም ዝንቡን አባረረለት፤ በአራተኛው ቀን ልጁ ዓይኑን ገልጦ እናቱን ጠራ። ያኔ ስለ ፈረሱ መጠየቅ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ዓይኑን ታመመ። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው በዓይናር ተጣበቁ። እናቴ ከጤና ኬላ ቅባት አምጥታ ትቀባዋለች፤ ዝንቡ ግን ቅባቱንም አልፈራ፣ እንደ ጥቁር ኩል ዙሪያውን ይሰፍርበታል። ሕፃኑን አያለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የአያ ቢራራን የጠፋ ዓይን አያለሁ። አልቻልኩም። እሑድ አያ ቢራራና አባቴ ቅዳሴ ሲሄዱ፣ በማጭድ የዳማን ጭራ ከሥሩ አጨድኩት። ያከክኳት መስሏት ዝም ብላ ቆመችልኝ። ፀጉሩን በእንጨት ላይ በክር አሥሬ ቀኑን ሙሉ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ከየት አመጣሽው?» አለችኝ እናቴ።

«አያ ቢራራ ሰጡኝ» አልኳት።

እነ አባቴ ማኅበር ውለው የገቡት ከመሸ ስለነበር፣ በጨለማ የባዝራይቱን ጭራ ልብ ያለ አልነበረም። በማግስቱ አባቴ ባቄላ ጭኖ ወደ ቆላው ዛሪማ ሊወርድ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ መንገዱን ንዶት መኪና አያልፍም፤ የነበረችን የጭነት ከብት ዳማ ብቻ ናት። ሊጭናት ወጥቶ ጉማጇን ሲያይ ጮኸ።

«ይህን ማን አደረገው?»

«አያ ቢራራ አይደሉም እንዴ? ለልጂቱ ጭራ ሰጥተዋታል እኮ» አለች እናቴ ሳታስበው።

አያ ቢራራ ከጋጣው ወጡ። በሚያየው ዓይናቸው መጀመሪያ ባዝራይቱን፣ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን ጭራ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ለሕፃኑ ብዬ ነው።»

«አንቱ ደግሞ! ቆላ እንደምትወርድ እያወቁ!»

«ስለ ጭራው ቁጣህን እቀበላለሁ። ግን አትውሰዳት ልጄ። የቆላ ዝንብ መከላከያ የሌላት ባዝራ ካገኘ ያሳብዳታል።»

«ታዲያ ባቄላውን ማን ሊሸከመው ነው? ጭራዋን የቆረጡ አንቱ፣ ዝንቧንም አንቱ ያባርሩላት!»

አያ ቢራራ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ ቅርንጫፍ ቆረጡና ከባዝራይቱ ኋላ ተከተሉ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ራሴን ዳበስ አድርገው «ወንድምሽን ዝንብ እንዳይነካው፣ አደራ» አሉኝ። እኔም እውነቱን ሳልናገር ጭራውን ይዤ ወደ ወንድሜ ገባሁ።

አባቴ የተመለሰው ከቃሬዛ ጋር ነበር።

የሆነውን ለለቀስተኛው ሲናገር ሰማሁት። እስከ ደባርቅ ብርዱ ረድቷቸው ደኅና ሄደዋል። ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርዱ ሙቀቱ ጨመረ፣ ዝንቡም መጣ። አያ ቢራራ በቅርንጫፉ ሲያባርሩ፣ ክንዳቸው ሲዝል እጅ ሲቀይሩ፣ ግማሹን ቁልቁለት ወረዱ። ባዝራይቱ ጉማጇን ታወዛውዛለች፤ ምንም አይደርስላትም። አንድ መዞሪያ ላይ በእግሯ መሬቱን ትደበድብ ጀመር። አባቴ «ይተዉአት!» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ሆዷ ሥር የተጣበቀውን ዝንብ በእጃቸው ሊነቅሉ ጎንበስ አሉ። ያን ጊዜ ረገጠቻቸው፤ ደረታቸው ላይ። እሷም ከነጭነቷ በርግጋ ገደል ገባች። መንገደኞች ቃሬዛ ሠርተው ሽቅብ ሲያወጧቸው ደባርቅ ሳይደርሱ ሞቱ።

«የሰደድኳቸው እኔ ነኝ!» እያለ አባቴ ደረቱን ደቃ። እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜ ዝም አልኩ። በሰባቱም ዝም አልኩ፣ በአርባውም ዝም አልኩ። ወንድሜ ዳነ፤ በቅባቱ ይሁን በጭራው ማን ያውቃል። አባቴ ሌላ ፈረስ አልገዛም፤ እኛ ደጃፍ ላይም ምሽት ያለ ጭስ ይገባ ጀመር።

አምና አባቴ ታሞ ደባርቅ እኔ ቤት ተኝቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባ እያጠጣሁት ሳለ፣ «አያ ቢራራን ምን ብዬ ነው የማያቸው?» አለኝ። ማንኪያውን አስቀመጥኩና ነገርኩት። ማጭዱንም፣ ውሸቱንም፣ ሁሉን።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለ። «ሽማግሌ ሰው ቆላ የሰደድኩት አዋቂው እኔ ነኝ።» ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

ብነግረው ሸክሙ የሚወርድለት መስሎኝ ነበር፤ ከእሱም አልወረደም፣ እኔም አልቀለለኝም። ተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውኛል። የቀረኝ፣ ያኔ ያልገባኝና ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ነገር ነው፦ እሳቸው በሰው ቤት የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጥፋት በላያቸው ቢያድር መሄጃ አልነበራቸውም። እኔ ግን እውነቱን ብናገር ኖሮ የሚያገኘኝ ሁለት ልምጭ ነበር፤ እስከ ማታም ይረሳ ነበር።