ከወለሉ ሥር የተኛው ወታደር

የግብፅዋ የቂፍት ከተማ ሰው የጥንት ቅርስ ቁፋሮን የሚማረው ከእናቱ ጡት ጋር ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሻዝሊም የቆፋሪዎች አለቃ፣ እነሱ እንደሚሉት ራይስ፣ የሆነው እንደ አባቱና እንደ አያቱ ነው። ሉክሶርም ሰቃራም ይፈልጉት ነበር። እሱ ግን ሲና ለቁፋሮ ከተከፈተች ወዲህ ሌላ ቦታ መሥራት ተወ። ጓደኞቹ «ሰውዬው በረሃ ላይ ሁለተኛ ሚስት አለችው» እያሉ ያሾፉበታል። ምክንያቱን ግን ሁሉም ያውቁታል። ታናሽ ወንድሙ ረሽዋን ከእስራኤል ጋር በተደረገው፣ በፈረንጆቹ የስድሳ ሰባቱ ጦርነት ሲና ገብቶ በዚያው ቀርቷል። ሲሞት ያየው የለም፤ ሲማረክም ያየው የለም። ጦሩ «የደረሰበት ያልታወቀ» የምትል ቃል ወረወረላቸውና ነገሩን ረሳው።

እናታቸው ዘኖባ ግን ያቺን ቃል አልዋጠችም። ልቅሶ አልተቀመጠችም። የቂፍት ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ መቃብር ወጥተው ለሙታናቸው ነፍስ የሚያድሉትን የምሕረት ዳቦ በረሽዋን ስም አንድም ቀን አልጋገረችም። «ላልሞተ ልጅ ዳቦ አላድልም! አጥንቱን አሳዩኝና ያኔ ቡሃቃ አወጣለሁ» ትላለች። እንዲህ እያለች ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ዐይኗ ፈዘዘ፤ በዚህ ክረምት ደግሞ ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። የሻዝሊ ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፦ እናቱ ሳትሞት ልጇን ማግኘት።

በዚያ ክረምት የሚቆፍሩት ሲና ውስጥ ከቃንጣራ ከተማ በስተምሥራቅ ያለ የፈርዖን ዘመን ምሽግ ነበር። የወታደሮቹ ሰፈር እየወጣ ነው፤ ጠባብ ጠባብ ክፍሎች፣ ጥቀርሻው ያልለቀቀው የዳቦ ምድጃ፣ የኩል ዘንግ፣ የወንጭፍ ድንጋይ፣ ሥራ የፈታ ዘብ ደጃፉ ላይ የቦረቦራት የገበጣ መጫወቻ። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ አሸዋው ውስጥ፣ የትናንት ወታደሮች ኮዳና የጫማ ሶል ይገኛል። ያቺ በረሃ ወታደር በልታ ጠግባ አታውቅም።

አንድ ማለዳ ሻዝሊ የአንዱን ክፍል የጭቃ ወለል ራሱ አንስቶ ከግድግዳው ሥር የሰው አጽም አገኘ። በብሩሽ ቀስ እያለ ጠራረገው። ጎረምሳ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ግራ ክንዱ ጋ ሲደርስ የሻዝሊ እጅ ቆመ። አጥንቱ ከክርኑ ዝቅ ብሎ ተሰብሮ፣ ተጣሞ የገጠመ ነበር። የረሽዋን እጅ ነው! በልጅነቱ ከቴምር ዛፍ ወድቆ ወጌሻው አጣሞ የጠገነው፣ የጦሩ ሐኪም ጥርሱን ብቻ አይቶ «ጤነኛ ነው፣ ይሂድ» ያለለት እጅ።

የቁፋሮው ኃላፊ ዶክተር ኒስሪን ሲያለቅስ አይታ ሮጣ መጣች።

«ራይስ፣ ምን ሆኑ?»

«ወንድሜ ነው።»

አጽሙን አየችው፤ ከዚያ ከጎን የተቀመጠውን የወለሉን ቁራጭ አየች። «ራይስ… ወለሉ እኮ…»

«አውቃለሁ፤ ያነሳሁት እኔ አይደለሁ? ተይኝ፣ ልጄ። ለትንሽ ጊዜ ወንድሜ ይሁንልኝ።»

ወለሉ ድፍን ነበር፤ ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም። እሱን ሳያፈርስ ከሥሩ ሰው የሚቀብር የለም። ልጁ እዚያ የተኛው ወለሉ ከመለሰኑ በፊት ነው፤ ረሽዋን ከመወለዱ ሦስት ሺህ ዓመት በፊት።

ቢሆንም ሻዝሊ ወደ ቂፍት ባቡር ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ውሸቱን ሲያጠና ሄደ። ቤት ደርሶ እናቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ረሽዋንን አገኘሁት።»

«በምን አወቅኸው?»

«በእጁ። በዚያ በጠማማው።»

«ያ ደንቆሮ ወጌሻ! እንኳን ሰው ፍየል አያስነኩትም ብዬ ነበር ለአባትህ።» ጉንጯ ላይ እንባ ወረደ። ከዚያ የሻዝሊን እጅ ፈልጋ ያዘች። «አንተ ሻዝሊ፣ እኔ የቆፋሪ ልጅ፣ የቆፋሪ ሚስት ነኝ። እስቲ ንገረኝ፤ ከላዩ ያለው አፈር የተቆፈረ ነበር ወይስ ያልተነካ?»

ለሁሉም ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ይህን ግን እንዴት እንደረሳው እንጃ። «ተቆፍሯል» ሊላት አፉን ከፈተ። ግን አባቱ በጥፊ እየመታ ያስተማረው የመጀመሪያ ነገር መሬት ያላለውን እንዳይናገር ነው።

«ወለል ነበረው፣ እማ። ያልተነካ ወለል።»

«እንግዲያ የኔ አይደለም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሻዝሊ በዚያ ዕድሜው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ባይናገር በወደደ ነበር።

እሷ ሳትዞር ጠየቀችው። «የዚያ ልጅስ እናት?»

«እናቱማ ከሞተች ስንት ሺህ ዓመቷ!»

«አጥንቱን ሳታይ?»

«የት አይታው።»

«ዳቦ ያደለለት የለማ።»

«እማ፣ የፈርዖን ጊዜ ወታደር ነው እኮ። እስላምም አይደል።»

«ወታደር ነው አላልከኝም? እናት አልነበረችውም? ቡሃቃውን አምጣ ስልህ!»

የሻዝሊ ሚስት አቦካች፤ ዘኖባ አልጋዋ ላይ ሆና እያንዳንዷን ዳቦ በእጇ ደበለበለች። ሊጡ ፀሐይ ላይ ኩፍ ብሎ ተጋገረ። ሐሙስ ሻዝሊ በአህያ ጋሪ መቃብሩ ዘንድ አደረሳት። ዳቦ የሚቀበላት ሁሉ «በማን ስም?» ይላታል።

«በአንድ ወታደር ስም።»

«ማን ይባላል?»

«እናቱ ታውቀዋለች።»

«አላህ ይማረው።»

መጨረሻ ላይ አንዲት ዳቦ ቀረች። መቃብር ላይ ቁርአን የሚቀሩት ሼህ እጃቸውን ዘረጉ። «ይቺም በወታደሩ ስም ናት?»

ዘኖባ ዳቦዋን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ሻዝሊ ደክሟት መስሎት ሊደግፋት ጎንበስ አለ።

«በረሽዋን» አለች።

«አላህ ይማረው» አሉ ሼሁ።

ሻዝሊ ያን ያህል ዘመን አሸዋ ለአሸዋ ሲፈልገው የኖረው ወንድሙ የሞተው ያኔ፣ እዚያች ጋሪ ላይ ነው። ዘኖባ ስሙን ብትሰጥም ጣቶቿ ዳቦዋን አልለቅ አሉ። አጥንት ሲያነሳ እንደሚጠነቀቀው ተጠንቅቆ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ዳቦዋን ለሼሁ የሰጣቸው ሻዝሊ ነው።