የወለላ ጡጦ

ልጄ ወለላ ዐሥረኛ ወሯን ይዛ ነበር። አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ውሃ የመሰለ ቀጭን አስቀመጣት። እስከ ቀትር ድረስ ጨርቅ ስንለውጥላት ዋልን፤ ከሰዓት በኋላ ማስመለስ ጨመረችበት። እናቴ ድዷን በጣቷ ዳበሰችና «ጥርስ ነው፣ ይተዋታል» አለች። እኔም እፎይ አልኩ። እኛ መንዞች በጥርስ ያላሳበብነው የልጅ ተቅማጥ የለም።

ሲመሻሽ ግን ጥርሱ ተረሳና ጥፋቱ ወደ ባለቤቴ ዞረ። አስናቀች የዚያን ዕለት ዋዜማ ዘመሮ ገበያ ውላ፣ እንደገባች ሳታርፍ ልጇን አጥብታ ነበር። «ፀሐይ የመታውን ጡት ሰጠሻትና!» አለቻት እናቴ። አስናቀች አልተከራከረችም። ጡቷን ከለከለቻት። ወለላ ደረቷን እየቧጠጠች ስታለቅስ እሷም አብራ አለቀሰች። ውሃም ተቅማጡን ያባብሳል ብለን ነፈግናት።

እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልናገር።

ከዚያ በፊት አንዲት በጋችን ወልዳ ሞታብን፣ ግልገሏን ውርጭ እንዳይገድላት ቤት አስገብቻት ነበር። የላም ወተት በወለላ ጡጦ ብሰጣት ግጥም አድርጋ ጠባችው። አስናቀች አይታ፦ «የልጄን ዕቃ ለበግ? ሁለተኛ እንዳላይ!» አለችኝ። ሁለተኛ አላየችም። እሷ ፊት በማንኪያ እሰጣለሁ፤ ማንኪያው አሰልቺ ነውና እሷ ስትወጣ ወደ ጡጦው እመለሳለሁ። በዚያ የገበያ ቀን ግልገሏ ስታስቀምጥ አየሁ፤ ጭራዋን በጨርቅ ጠረግኩላት። ከዚያ ያንኑ ጡጦ በምንጭ ውሃ ለቅለቅ አደረግኩና ለልጄ ወተት ሞላሁበት። እጄን በሳሙና አልታጠብኩም። ያን ቀን ግልገሏን ማዳኔ እንጂ ሌላው አልታየኝም።

ሲነጋ የወለላ ዓይን ጎድጉዷል። እርግብግቢቷ ሰርጉዷል። ታለቅሳለች፤ እንባ የለም። ጨርቋን ሽንት አልነካውም። በጋቢ ጠቅልዬ ተሸከምኳት፤ እናቴና አስናቀች ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ማልቀሷን ተወች።

ጤና ጣቢያ ደረስን። ሐኪሙ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። «ፈሳሽ አልቆባታል» አለ። ጉሉኮስ ሊሰኩላት የእጇን ሥር ፈለጉ። ጠፋ። እግሯን ሞከሩ። ጠፋ። በመጨረሻ ከራሷ ላይ አገኙት።

ጉሉኮሱ መውረድ ሲጀምር ሐኪሙ ወደ አስናቀች ዞረ።

«ጡት ትጠባለች?»

«ከልክያታለሁ፣ ዶክተር። በፀሐይ ጡት የጎዳኋት እኔ ነኝ።»

«ፀሐይ የእናት ወተት አያበላሽም። ስትነቃ አጥቢያት። ሌላስ በምን ትመገባለች?»

«እኔ ስወጣ በጡጦ።»

«ጡጦውን ማን ያጥበዋል?»

አስናቀች ወደ እኔ ተመለከተች።

«ለግልገልም እሰጥበት ነበር» አልኩ። «ግልገሏም ታስቀምጣለች።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብሎ «ሕመሙ ከዚያ ይምጣ ከውሃው በእርግጠኝነት ልነግርህ አልችልም» አለኝ። «ግን ጡጦ ለጤነኛ ልጅም አስቸጋሪ ነው፤ ጎድጓዳውና የሚጠባው ጫፉ ውስጥ ቆሻሻ ይቀራል። በንጹሕ ሲኒ ስጧት።» ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወለላ ኦአርኤስ የሚሉትን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ መድኃኒት በማንኪያ እየተቀበለች መላስ ጀመረች፤ ዚንክ የሚሉትን እንክብልም በእናቷ ወተት አሟሙተን ስንሰጣት ፊቷን አጨማደደችብን እንጂ አልተፋችውም። ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሱሪዬን በሽንቷ ስታርሰው፣ ለነርሷ ለመናገር እየሮጥኩ ስወጣ ሰው ሁሉ የሳቀብኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በሽንት እንደዚያ ደስ የሚለው አባት አይተው አያውቁ ይሆናል።

ወደ ቤት ስንመለስ አስናቀች ልጇን አዝላ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በኋላ «እኔ ነኝ ብዬ ሳለቅስ ሰምተኸኛል አይደል?» አለችኝ። «ሰምቼሻለሁ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረት ያገኘሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ልጄን ለመለሰልኝ እግዚአብሔር፣ ሥሯን ፈልገው ላገኙት እጆች፣ ዛሬም ጠበል ጸዲቅ አብራኝ ለምትቀምስ ሚስቴ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የታመመ ልጅ የያዛችሁ፣ ጥርስ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ጡቱን አትከልክሉት፤ ኦአርኤሱን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ ስጡት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ከብትና በግ ነክታችሁ ሳትታጠቡ ልጅ አታጉርሱ፤ ግልገል ከሕፃን ጋር አታሳድሩ። እናቶችን የሚመክር ብዙ ሰው አለ፤ እኔ የቀረኝ ምክር ለአባት ነው። ሚስትህን የአንተን ጥፋት ተሸክማ ካየሃት፣ ሐኪም እስኪጠይቅህ አትቆይ። እኔ ቆየሁ፤ ልጄ የእናቷ ጡት ሞልቶ ሳለ ተጠምታ አደረች።